እውነት ወይስ ተረት? ሌሊቱን ሆድ የሚነፋው ማን ነው?

ጋሼ ቤት በጠዋት ስሄድ ሆዳቸውን በሁለት ጣት መታ መታ እያደረጉ ያሰሙኝ ነበር። «ስማ! ጥምቀት ደርሷል» ይላሉ። እውነትም ከበሮ ነበር።

የእናቴ ወንድም ናቸው፤ 67 ዓመታቸው። ማንኮራፋታቸው ግድግዳ አልፎ ስለሚሰማ ባለቤታቸው እትዬ ለዓመታት ሳሎን ሶፋ ላይ አድረዋል። በመጨረሻ የእንቅልፍ ምርመራ ተደረገላቸውና ስሊፕ አፕኒያ እንዳለባቸው ታወቀ። ተኝተው ሳለ ጉሮሯቸው እየተደፈነ ትንፋሻቸው ለ10 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይቋረጣል። እንዲህ ያለው መቋረጥ ወይም መታፈን በሰዓት 5 ጊዜ ሲደርስ ሐኪም በቁም ነገር ያየዋል፤ 30 ከደረሰ ከባድ ይባላል። የጋሼ 34 ነበር። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ሲፓፕ የሚባለውን መሣሪያ ከነማስኩ በሰው እጅ ላከችላቸው። ማንኮራፋቱ በመጀመሪያው ሌሊት ጸጥ አለ፤ እትዬም ወደ መኝታ ቤታቸው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ሆድ መነፋቱ ጀመረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መሣሪያው ቁም ሣጥን አናት ላይ ወጥቶ አቧራ ይጠጣ ጀመር።

ሆድ የተነፋ ሰው መካሪ አያጣም። የዕድር ሰብሳቢው አንድ አሉ፣ ጎረቤት ሌላ አለች፣ የእኅታቸው ልጅ ዩቲዩብ አገላብጦ ሦስተኛ አመጣ። እኔ ለዓመታት ስለ ጤና ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከጋሼ ቤት የሰማሁትን ያህል ግን በአንድ ጉዳይ ላይ ተረት አንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስቦ አላየሁም። የሚያስቸግሩት ሙሉ ተረቶቹ አይደሉም፤ ግማሽ እውነት ያለባቸው ናቸው።

«ሳንባ ሞልቶ የተረፈው ወደ ሆድ ይወርዳል»

ይህ የዕድር ሰብሳቢው ነው። ሲሰሙት ያሳምናል፤ እንስራም ሲሞላ ይፈስሳል። ሳንባ ግን እንስራ አይደለም፤ መሣሪያውም ውሃ ቀጂ አይደለም። ሲፓፕ ያጠለቀ ሰው የሚተነፍሰው ራሱ ነው፤ እንደ ወትሮው ያስገባል፣ እንደ ወትሮው ያስወጣል። መሣሪያው የሚጨምረው ግፊት ነው፤ በአፍንጫና በጉሮሮ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድር ግፊት። ምሰሶ ያጣ ድንኳን እንደሚተኛ ሁሉ በእንቅልፍ የላላ ጉሮሮም ይተኛል፤ ሲፓፕ የአየር ምሰሶ ያቆምለታል። ዘዴውን ያመጣው አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባልደረቦቹ ጋር «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ያሳተመው ጽሑፍ ሲድኒ ውስጥ ስለታከሙ 5 ሰዎች የሚያወራ ነበር። የያኔው መሣሪያ ከቫክዩም ክሊነር ሞተር ብዙ የማይለይ፣ ጩኸቱ ከባድ የሆነ ነገር ነበር፤ የዛሬው አልጋ ራስጌ ተቀምጦ ድምፁ የማይሰማው የእሱ ልጅ ነው።

ግፊቱ ምን ያህል ነው? መለኪያው ሴንቲ ሜትር ውሃ ይባላል፤ የተለመዱት መሣሪያዎች ከ4 እስከ 20 ይሰጣሉ። 10 ማለት ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ ረዘም ባለ ብርጭቆ ውሃ ይቅዳ፤ ስትሮውን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስመጥና ይንፋ። የመጀመሪያዋ አረፋ ብቅ እንድትል የሚበቃው ትንፋሽ፣ ግፊቱ ያ ነው። ሕፃን ልጅ ይችለዋል። በባሕር ጠለል ላይ ያለው አየር በላያችን ከሚያሳርፈው ጫና ጋር ሲተያይ ከመቶ አንድ ገደማ ቢሆን ነው።

አሁን ወደ በሮቹ እንምጣ። ጉሮሮ መንታ መንገድ ነው፤ ከፊት የአየር ቧንቧ፣ ከኋላ የምግብ ቧንቧ ይጀምራል። የምግብ ቧንቧው ከላይም ከታችም እንደ ከረጢት አፍ የሚቋጠር ቀለበት ጡንቻ አለው። የላይኛው ከምንውጥበት ቅጽበት በቀር ተቋጥሮ ይውላል፤ እንቅልፍ ሲይዘን ግን ላላ ይላል። የታችኛው፣ ጨጓራ ደጃፍ ላይ ያለው፣ በጤነኛ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሲፓፕ ከሚሰጠው የተለመደ ግፊት በላይ ይቋቋማል። ማደንዘዣ የሚሰጡና ድንገተኛ ሕሙማንን በከረጢት የሚያስተነፍሱ ባለሙያዎች ከ20 ሴንቲ ሜትር ውሃ በላይ ሲሆን አየር ወደ ጨጓራ መሄድ እንደሚጀምር ስለሚያውቁ እጃቸውን ይቆጥባሉ። የአብዛኛው ታካሚ መሣሪያ ግን ከዚያ በእጅጉ ዝቅ ብሎ ነው የሚሠራው።

እንግዲያው ያ ለስላሳ አየር በር ሰብሮ አልገባም። ከፍተውለት ነው የገባው። የጋሼን ነገር ስከታተል የያዝኩት ጥያቄም ይኸው ነበር፦ በሩን ማን ከፈተው?

«ሽሮው ነው»

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ያሉት ነው፤ ከነሽንኩርቱ ከነነጭ ሽንኩርቱ ከሰሱት። እኔ ለሽሮ ጠበቃ ልቁምለት።

በሆድ ውስጥ የሚገኘው ጋዝ ሁለት ዓይነት ታሪክ አለው። አንደኛው እዚያው የሚመረት ነው፤ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ ውስጥ ያለ ጨጓራና ትንሹ አንጀት ሊፈጩት ያልቻሉት ነገር ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያቦኩታል፤ ሃይድሮጂንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ በአንዳንድ ሰው ሚቴንም ይታከላል። ይህ ከተበላ ከብዙ ሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ከእምብርት በታች ይንጎራጎራል፣ መውጫውም የታች ነው። ሁለተኛው ከውጭ የተዋጠ አየር ነው፤ ስሪቱ ከክፍሉ አየር አይለይም፣ ናይትሮጂንና ኦክስጅን ነው። እሱ ጨጓራን ይወጥራል። ሰውየው ገና ከአልጋው ሳይወርድ ያገሳል፤ ቀኑ ሲገፋ ይቀልለዋል፤ የተረፈው ወደ አንጀት ወርዶ በየመንገዱ ይለቀቃል። የጋሼ እንዲህ ያለው ነበር፤ ማስኩን ባወለቁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከበሮው ይረግባል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ መሣሪያው ቁም ሣጥን ላይ በነበረባቸው ሳምንታት የሽሮው ድስት ከምድጃ አልወረደም። ሆዳቸው ግን ረግቶ ከረመ። ሽሮ በነፃ ተሰናበተ።

ግማሽ እውነቱ ያለው በምግቡ ዓይነት ሳይሆን በሰዓቱ ነው። ጨጓራ ሞልቶ ወዲያው መተኛት የታችኛውን በር ያላላዋል። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ፣ የትንሣኤ ለት ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ዶሮ ወጡን በዘጠኝ ሰዓት በልቶ፣ በዘጠኝ ተኩል ማስክ አጥልቆ የሚጋደም ሰው ጠዋት ሆዱ ቢነፋ መሣሪያውን መውቀስ አይችልም። በረመዳን ሱሑር በልቶ መልሶ የሚተኛም እንደዚሁ ነው። በመጨረሻው ጉርሻና በትራሱ መካከል ሁለት ሦስት ሰዓት ቢገባ ጥሩ ነው፤ በዓል ሲሆን ደግሞ ቢያንስ ማዕዱን ማሳነስና ቀና ብሎ መቆየት ይቻላል።

«ቃር ሌላ፣ አየር ሌላ»

ጋሼ ይህን የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ሐኪሙ ሲጠይቃቸው ቃር እንዳለባቸው አልነገሩም፤ «የመጣሁት ለእንቅልፍ ነው፣ ለጨጓራ አይደለም» ብለው። ከዚህ ሁሉ ተረት እኔ በጣም ዋጋ ያስከፍላል የምለው ይህን ነው።

ሲፓፕ ተጠቅመው አየር የሚውጡ ሰዎች ዘንድ ቃር ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ፣ በ2013 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ የታተሙ ጥናቶች ሁለቱን አገናኝተዋል፤ በተለይ ሌሊት የሚነሣ ቃር። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ቃር ማለት የታችኛው በር በማይገባው ሰዓት እየተከፈተ የጨጓራ አሲድ ሽቅብ ማምለጡ ነው። አሲድ የሚወጣበት በር አየር ይገባበታል። በዚያ ላይ የምግብ ቧንቧው ሲቃጠል ሰው በእንቅልፍ ልቡ ምራቅ ይውጣል፤ አሲዱን ለማጠብ። ሲውጥ የላይኛው በር ይከፈታል፤ ከላይ ተጭኖ የሚጠብቀው አየር ደግሞ ሰተት ይላል። የገባው አየር ጨጓራን ይወጥርና በሩን መልሶ ያላላል፤ ቃር ይብሳል። ዙሩ እንዲህ ይቀጥላል።

የሚገርመው የተገላቢጦሹም መኖሩ ነው። ያልታከመ ስሊፕ አፕኒያ ራሱ ቃርን ያባብሳል፤ ጉሮሮ ተደፍኖ ደረት አየር ለመሳብ ሲታገል አሲዱንም ወደ ላይ ይስበዋል። በመሆኑም ብዙ ሰው ሲፓፕ ሲጀምር የሌሊት ቃሩ ይቀንስለታል። አየር በሚውጡት ላይ ግን ቃሩ በራሱ መታከም ይኖርበታል። የጋሼ ሐኪም የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት አዘዘላቸው፤ ቀጥሎ የአልጋውን ራስጌ አስነሣ። ትራስ መደራረብ ሌላ ነገር ነው፤ አንገትን አጥፎ አገጭን ደረት ላይ ይለጥፍና ጉሮሮውን ያጠብበዋል፣ ሆድንም ያጥፋል። ከአልጋው የራስጌ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ እንጨት ማስገባት ከወገብ በላይ ያለውን ሁሉ አብሮ ያነሣል። እትዬ «አልጋው ቁልቁለት ሆነ» ብለው አንድ ሳምንት አጉረመረሙ፤ ከዚያ ለመዱት።

አተኛኘትም በዚሁ ይታያል። በጀርባ ሲተኙ ምላስና ጉሮሮ ወደ ኋላ ስለሚወድቁ ብዙ ሰው ላይ አፕኒያው ይከፋል፤ መሣሪያውም ያን ለመክፈት ብዙ ግፊት ይፈልጋል። በጎን ሲተኙ ያነሰ ይበቃል። ከሁለቱ ጎኖች የግራው ይመረጣል፤ ጨጓራ በተፈጥሮው ወደ ግራ የወረደ ስለሆነ በግራ ጎን ሲጋደሙ አሲዱ ከበሩ በታች ይረጋል፣ አየሩም በግሳት ለመውጣት ይቀናዋል።

«ማሽን ማሽን ነው»

የጋሼ መሣሪያ ያገለገለ ነበር። የልጃቸው ጎረቤት አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ሰጣት፤ እሷም በቅን ልቦና ጠርጋ፣ አዲስ ማስክ ገዝታ ላከችው። ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ ሲፓፕ በአገራችን ብርቅ አይደለም፤ ዋጋውን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ስጦታው ትልቅ ነው። ግን የሌላ ሰው ሲፓፕ የሌላ ሰው መነጽር ነው። መሣሪያው ውስጥ ያለፈው ባለቤት ግፊት እንደታዘዘለት ተቀምጧል። ያ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በማይለዋወጥ 14 ነበር የሚተኛው። ጋሼ ለካ የሚያስፈልጋቸው ወደ 9 የተጠጋ ነበር።

ይህን የነገራቸው መሣሪያውን የፈተሸላቸው ባለሙያ ነው። «ጋሼ፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሎ ነው የቆየው» ይላቸዋል። ጋሼ ለልጃቸው ደውለው «ግፊቴ 14 ገብቷል አሉኝ» አሏት፤ እሷ በድንጋጤ «አባዬ መድኃኒትህን አልዋጥክም እንዴ?» ብላ ጮኸች። ሁለቱም ደም ግፊት ነበር የመሰላቸው። በአማርኛ «ግፊት» ሲባል ጆሯችን የሚሄደው ወደዚያ ነውና ስለዚህ መሣሪያ የምታወሩ ባለሙያዎች «የአየር ግፊት» በሉ፤ ቤተሰብ አታስደንግጡ።

በነገራችን ላይ ከዚህ ፍተሻ በፊት የእኅታቸው ልጅ ከዩቲዩብ አይቶ የመሣሪያውን ድብቅ ማውጫ ከፍቶ ነበር። «ግፊቱ ሲቀንስ አየሩም ይቀንሳል» አለና ወደ 5 አወረደው። ሁለት ሌሊት ደኅና ሆነ። ከሦስተኛው ሌሊት ጀምሮ ማንኮራፋቱ ተመለሰ፤ ሆዱም እንደገና ተነፋ። ልጁ ግራ ገባው፤ እኔ ግን ልጁ ባይሳሳት ኖሮ የማላገኘውን ማስረጃ አገኘሁ። ግፊቱ ካነሰ ጉሮሮው ይደፈናል፤ ሰውየው ታፍኖ ብንን ይላል፣ አየር ይጎርሳል፣ ይውጣል፣ እንደገና ያንቀላፋል። ይህ በሰዓት 20 ጊዜ ሲደጋገም እያንዳንዱ መዋጥ በር ይከፍታል። ያነሰ ግፊትም ሆድ ይነፋል ማለት ነው፤ መንገዱ ሌላ ነው እንጂ። አንዳንድ ሰው ላይ ሐኪሙ መነሻውን ግፊት ትንሽ ከፍ ሲያደርገው ሆድ መነፋቱ የሚቀንሰው በዚህ ነው።

ስለዚህ ግፊቱን መቀነስ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ሐሳብ ቢሆንም ስንት ድረስ የሚለውን የሚመልሰው የመሣሪያው መዝገብ ነው። ዛሬ የሚሸጡት መሣሪያዎች በሌሊቱ ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደተቋረጠ፣ በጠቅላላው ምን ያህል አየር እንዳመለጠ፣ ግፊቱም የት የት እንደደረሰ ይመዘግባሉ። ሐኪም ያንን አይቶ አንድ ወይም ሁለት ዝቅ ያደርጋል፣ ሳምንት ይጠብቃል፣ መልሶ ያያል። አሰልቺ ነው፤ ግን የሚሠራው እሱ ነው።

ሌላው መንገድ መሣሪያውን ራሱን እንዲመጥን መልቀቅ ነው። ኦቶ-ሲፓፕ የሚባለው ጉሮሮው ሲጠብ ግፊቱን ይጨምራል፣ ሲከፈት ይቀንሳል። አየር በሚውጡ ሰዎች ላይ ቋሚውንና ኦቶውን ተራ በተራ ያስጠቀመ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት በኦቶው ግፊቱም፣ የሆድ መነፋቱ ክብደትም እንደቀነሰ አሳይቷል። ያው ጥናት ሰዎቹ መሣሪያውን የሚጠቀሙበት ሰዓት ግን እንዳልጨመረ ይናገራል፤ ይህንን የምነግራችሁ ኦቶ ተአምር ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ስላጋጠመኝ ነው። ደግሞም ከ4 እስከ 20 በሩን ወለል አድርጎ የተተወ ኦቶ በጀርባ በተኙ ቁጥር ወይም ማስኩ በፈሰሰ ቁጥር ሽቅብ ሊወጣ ይችላል፤ ጣሪያ ያስፈልገዋል፣ ጣሪያውን የሚያበጀው ሐኪም ነው። ትንፋሽ ሲያስወጡ ግፊቱን ለቅጽበት ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያም አለ፤ ለአንዳንዱ እፎይታ ነው። እነዚህ ሁሉ ካልበቁ ባይፓፕ አለ፤ ለሚያስገቡት ትንፋሽ አንድ፣ ለሚያስወጡት ያነሰ ሌላ ግፊት ይሰጣል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

«አፌን ከከፈትኩ አየሩ ይወጣልኛል»

አይወጣም። ማለቴ በአፍ ይወጣል፤ ግን ከሆድ አይደለም የሚወጣው። አፍንጫ ላይ ብቻ የሚደረግ ማስክ ያጠለቀ ሰው አፉን ሲከፍት አየሩ በአፍንጫ ገብቶ በአፍ ይነፍሳል፤ ጠዋት ምላሱ እንደ ቆዳ ይደርቃል። የደረቀ አፍ ደግሞ ምራቅ ፍለጋ ይውጣል፤ ወደዚያው በር ተመለስን።

ከዚህ ተነሥቶ «አፍንም የሚሸፍነው ትልቁ ማስክ ይሻላል» የሚል ይመጣል። አፍንጫቸው ለማይከፈት ሰዎች እውነት ነው። ነገር ግን ትልቁ ማስክ መንጋጋን ወደ ኋላ ሊገፋ ስለሚችል ብዙ ጊዜ ከአፍንጫው ማስክ የበለጠ ግፊት ይጠይቃል። አፍንጫው ጤነኛ ከሆነ በአፍንጫው ማስክ መጀመር ይመረጣል። በበጋ አቧራ የሚዘጋ አፍንጫ ደግሞ አስቀድሞ መታየት አለበት፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በተሠራ የጨው ውሃ ማጠብ፣ አለርጂ ካለ ማከም፣ የመሣሪያውን እርጥበት ሰጪ ገንዳ በየሌሊቱ መሙላት። ጋሼ ገንዳውን ባዶውን ነበር የሚጠቀሙበት፤ «ውሃው ሳንባ ይገባል» ብሏቸው ሰው። የሚሄደው እንፋሎት ነው እንጂ ውሃ አይደለም፤ መሣሪያው ከአልጋው ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ቱቦ ውስጥ የሚጠራቀመው ጠብታም ወደ ኋላ ይመለሳል።

አፍን በፕላስተር መለጠፍ የሚባለውን አታድርጉት። አፍንጫ ቢዘጋ ወይም ሌሊት ማስታወክ ቢመጣ ሁለተኛ መውጫ የለም።

አንድ ቀላል ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። አየር ከመተኛት በፊትም፣ ነቅተው ከማስኩ ጋር ሲታገሉ፣ ይዋጣል። የፈራ ሰው ደጋግሞ ይውጣል፤ ሠርግ ላይ ንግግር አድርግ የተባለን ሰው ጉሮሮ ተመልከቱ። ጋሼ በቀን፣ ዜና እያዩ፣ ሶፋ ላይ ለግማሽ ሰዓት ማስኩን አጥልቀው መቀመጥ ጀመሩ። የልጅ ልጆቻቸው «አያያ ፓይለት ሆነ» አሉ። በአሥር ቀን ማስኩን መፍራት ቀረ። ግፊቱ ከዝቅተኛ ተነሥቶ ቀስ እያለ እንዲወጣ የሚያደርገው ማስተካከያም ለዚህ የተሠራ ነው።

«አምቦ ውሃ ጠጥቶ ማግሳት ነው»

በአምቦ ውሃ ያገሳነው በአብዛኛው የአምቦን ውሃ የራሱን ጋዝ ነው። ለነፍስ ደስ ይላል፤ ግን በተወጠረ ጨጓራ ላይ ሌላ ጋዝ መጨመር ነው፤ ማታ ከሆነ ደግሞ ቃር ይቀሰቅሳል። ቀን በምሳ ይጠጣ። እትዬ ያመጡት መቀነት አጥብቆ መታጠቅም የተወጠረውን ከውጭ ሲጫኑት ይዘቱን ሽቅብ ወደ በሩ ይገፋል፤ ጠባብ ቀበቶና ላስቲኩ የሚይዝ ፒጃማም ያው ነው። ፌጦ በሎሚ ቃር ያለበትን ሰው ያቃጥለዋል እንጂ የተዋጠ አየር አያወጣም። ፋርማሲ የሚሸጠው ሲሜቲኮን ጥቃቅን አረፋዎችን አጋጥሞ ትልቅ ያደርጋቸዋል፣ ለመውጣት ይቀልላቸዋል፤ ብዙ ጉዳት የለውም፣ ለሌሊት ሙሉ አየር ግን ብዙ አይጠበቅበት። ማታ አንድ ሁለት ማለት የጉሮሮን ጡንቻ ስለሚያላላ መሣሪያው ተጨማሪ ግፊት ይፈልጋል። ጋሼ ይህንን አንቀጽ ሳነብላቸው ጆሯቸው የሰማ አልመሰለኝም።

«ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ግፊቱ ይጨመር»

አዲስ አበባ የአየሩ ጫና ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አብዛኞቹ አዳዲስ መሣሪያዎች ይህንን ራሳቸው አውቀው ያስተካክላሉ፤ አሮጌዎቹ በእጅ ይስተካከላሉ። አምራቾች የከፍታ ጣሪያ ስላላቸው፣ አንዳንዱም 2,600 ሜትር ሳይደርስ ስለሚያበቃ፣ ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው መመሪያውን ይመልከት። በራስ ሥልጣን ግፊት መጨመር ግን አያስፈልግም። ከባሕር ዳርቻ ከተማ በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳ ሆዱ ቢነፋ ማስኩን ከመጠርጠሩ በፊት ያስብ፤ አየር ጫናው ሲቀንስ ይለጠጣል፣ ሆዱ ውስጥ የነበረውም አብሮ በሲሶ ያህል ሊያብጥ ይችላል። ቀን ሲያልፍ ይወጣል።

«ጋዝ ነው፣ ያልፋል»

ይህኛው በቀልድ የሚነገር አይደለም። በሲፓፕ የተዋጠ አየር ያስጨንቃል፣ ያሳፍራል፣ ያስገሳል፤ አደጋ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ደረት መሐል ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ ሕመም ግን ጋዝ ተብሎ በዝንጅብል ሻይ የሚጠበቅ አይደለም፤ የልብ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይኬዳል። ያልታከመ አፕኒያ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የደም ግፊትም ስላለበት ጥርጣሬው የበለጠ ይገባል። ሆድ እንደ እንጨት ጠንክሮ ሲያም፣ ማስታወክ ሲደጋገም፣ ፈስም ሰገራም እምቢ ሲል፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ሲታይ እንደዚሁ። በቅርቡ የጨጓራ ወይም የምግብ ቧንቧ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ደግሞ ማስኩን መልሶ ከማጥለቁ በፊት ቀዶ ሐኪሙን ይጠይቅ።

«ለእኔ የሚሆን ሕክምና አይደለም»

ጋሼ ቁም ሣጥኑን ሲዘጉ የተናገሩት ይህን ነበር። ሆድ ስለተነፋ መሣሪያውን መጣል ጫማ ስለጠበበ በባዶ እግር መሄድ ነው ብዬ ተከራከርኳቸው፤ አልሰሙኝም። የሰሙት እትዬን ነው። «እኔ ሶፋው ላይ አልመለስም፤ ወይ እሱ ይስተካከል ወይ አንተ ሳሎን እደር» አሉ።

ዛሬ ግፊቱ ከ7 እስከ 10 በተወሰነ ኦቶ ይተኛሉ። የአልጋው ራስጌ ከፍ ብሏል። እራት አንድ ሰዓት ላይ ይበላሉ፣ በአራት ሰዓት ይተኛሉ፣ ገንዳው ውሃ አለው። ከበሮው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ በሳምንት አንዴ ይሰማል፣ በተለይ ዕድር በዋለበት ማግስት። በግራ ጎናቸው መተኛትም ለመዱ።

አዲሱ ቅሬታ ከእትዬ መጣ። እትዬ የሚተኙት በስተግራ ነው፤ ጋሼ ወደዚያ ሲዞሩ የተተነፈሰውን አየር የሚያወጡት የማስኩ ቀዳዳዎች ቀጥታ እሳቸው ፊት ላይ ይነፍሳሉ። «ከሆዱ ወጥቶ እኔ ላይ መጣ» ይላሉ። ቀዳዳዎቹን መሸፈን አይቻልም፤ የተቃጠለው አየር መውጫ ናቸው። ባለፈው እሑድ ስሄድ ሁለቱ የአልጋውን ቦታ ለመቀያየር እየተደራደሩ ነበር፤ ጋሼ 41 ዓመት የተኙበትን ጎን አልለቅም ብለዋል።